ግንቦት 12 ሜይ 12 አይደለም

እህቴ፣ ዊሉን፣ የእርግዝና ሳምንትና የመውለጃ ቀን የምንቆጥርበትን ያን ተሽከርካሪ ክብ ካርድ፣ አትጣዪው። የጻፍሽውን ደግሜ አነበብኩት። ሰቃ በኩል ባለ ጤና ጣቢያ ሥራ ከጀመርሽ ስድስት ወር ሆኖሻል። አንዲት እናት «የመጨረሻ የወር አበባዬ ግንቦት 12 ቀን 2017 ነው» አለችሽ። ዊሉ የመውለጃ ቀኗን ፌብሩዋሪ 16 አለሽ፣ ስልክሽ ፌብሩዋሪ 24፣ በእጅሽ ስትሠሪው ፌብሩዋሪ 27፣ ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ የተነሳችው አልትራሳውንድ ደግሞ ማርች 8። «የቱን ካርድ ላይ ልጻፍ? ዊሉ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በአዋላጅነት አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ እነግርሻለሁ፤ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ዊሉ አልተበላሸም። ቀስቱን ያስቀመጥሽው ሜይ 12 ላይ ነው። ግንቦት 12 ግን ሜይ 20 ነው። በዊሉና በስልክሽ መካከል ያለው ስምንት ቀን ሌላ ምክንያት የለውም። በዊሉ ዳር የተጻፉት ወራት የፈረንጅ ናቸው፣ እናቶቻችን የሚነግሩን በእኛ ነው፤ እኛም «ግንቦት ማለት ሜይ፣ ኅዳር ማለት ኖቬምበር» እያልን ስላደግን ቁጥሩን እንዳለ ይዘን እናዞራለን። ልዩነቱ ከወር ወር ይለያያል፦ መስከረምና ጥቅምት 10 ቀን፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥና መጋቢት 9፣ ጥር፣ ሚያዝያና ግንቦት 8፣ የካቲት፣ ሰኔና ሐምሌ 7፣ ነሐሴ 6። ጳጉሜ ስድስት ከሆነች ደግሞ በቀጣዩ ዓመት እስከ የካቲት 21 ድረስ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ይህን በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ ዊሉ ጀርባ ላይ በፕላስተር ለጥፊው። የእኔ እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ለምን እንደማጠብቀው ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛ ዓመቴ፣ ከከተማ ወጣ ባለ ጤና ጣቢያ የሌሊት ተረኛ ሆኜ አንዲት እናት የእንሽርት ውሃዋ ፈስሶ መጣች። የመጀመሪያውን ክትትል ያየኋትም እኔው ነበርኩ። ካርዷ ላይ የወር አበባዋ ኅዳር 12 ይላል፣ እኔ ግን ያኔ ዊሉን ኖቬምበር 12 ላይ አዙሬ ነበር። በዚያ ሌሊት በዊሉ ስቆጥር ልክ 35 ሳምንት መጣልኝ። ያለጊዜው የሚወለድ ልጅ ሳንባው እንዲጠነክር ለእናቲቱ የሚሰጠው የዴክሳሜታሶን መርፌ እስከ 34 ሳምንት ነው ተብለን ተምረናል፣ ስለዚህ «አልፋለች» ብዬ የመጀመሪያውን መርፌ ሳልሰጣት ሪፈር ጻፍኩ። ኅዳር 12 ኖቬምበር 21 ነው። እውነተኛ ዕድሜው 33 ሳምንት ከ5 ቀን ነበር። ልጁ በማግስቱ ተወለደ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ፣ እያቃሰተ። በሳምንቱ ልጠይቃት ስሄድ የተላከችበት ሆስፒታል ያለ ሐኪም ካርዱን ይዞ ቀኑን በጣቱ እየቆጠረ አሳየኝ። እናቲቱ ልጇን ደረቷ ላይ አቅፋ ብዙ ቀን ቆየች፣ ልጁም ተረፈ። ያ መርፌ ቢደርሰው ይቀልለት ነበር እያልኩ አሁንም አስባለሁ። እናም «ዘጠኝ ቀን ምን ያመጣል» የሚል ሰው ስሰማ ዝም ማለት አልችልም።

በእጅ የምትሠሪውን ወደ እኛ አቆጣጠር አምጪው፣ ከፈረንጁ ይቀላል። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን፣ ማለትም 40 ሳምንት ነው። የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ 280 ማለት 9 ወር ከ10 ቀን ማለት ነው። መንገድ ላይ ጳጉሜ ከገባች አምስት ቀን ስለምትወስድ 9 ወር ከ5 ቀን ትጨምሪያለሽ፤ ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት 9 ወር ከ4 ቀን። ጳጉሜ ሙሉዋን የምትገባው የወር አበባው ከኅዳር 25 በኋላ ከሆነ ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ከኅዳር 26 በኋላ። ከመስከረም 1 እስከዚያ ላለው አሥሩን ቀን ሙሉ ጨምሪ፤ ከነሐሴ 30 ያለፈው ጳጉሜ ላይ ይውላል። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው፤ 2015 ነበረች፣ የሚቀጥለው 2019 ነው።

ያንቺን እናት እንያት፦ ግንቦት 12 ሲደመር ዘጠኝ ወር የካቲት 12፣ ጳጉሜ ስላለችበት አምስት ቀን፣ የካቲት 17 ቀን 2018። በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 24። ስልክሽ ያለው ይኸው ነው።

ታዲያ በእጅሽ 27 ለምን መጣ? የተጠቀምሽው የኔግሌን ደንብ ነው፣ ሰባት ቀን ጨምሮ ሦስት ወር ወደ ኋላ መቀነስ። የፈረንጅ ወራት አንዱ 28፣ አንዱ 31 ስለሆኑ በዚያ ደንብ የሚወጣው ቁጥር እንደ ወሩ ከ280 እስከ 283 ቀን ይሆናል። ከሜይ 20 እስከ ፌብሩዋሪ 27 ብትቆጥሪ 283 ታገኛለሽ። ስህተት አልሠራሽም፣ ደንቡ ራሱ ሻካራ ነው። መስከረም 17፣ በመስቀል ቀን የወር አበባዋን ላየች እናት ብትሠሪው ግን በሦስቱም መንገድ ሰኔ 27፣ ጁላይ 4 ይመጣል። ስለ ሁለትና ሦስት ቀን እንቅልፍ አትጪ፤ ግን አንድ ካርድ ላይ ሁለት የመውለጃ ቀን አይጻፍ።

ዊሉን ራሱን መፈተሽም አለብሽ። ቀስቱን ጃንዋሪ 1 ላይ አድርጊና 40ኛው ሳምንት ኦክቶበር 8 ላይ ማረፉን እዪ። ካላረፈ ወይ መሐሉ ላይ ያለው ሚስማር ላልቷል፣ ወይ ኮፒ ተደርጎ ሲቆረጥ ተዛንፏል። እኛ ጋ የፕላስቲኩ ሲጠፋ ወረቀቱን ኮፒ አድርገን በካርቶን የምንሠራው ነገር አለ፤ እሱ አንድ ሳምንት ሲያሳስት አይቻለሁ። አንዳንዱ ዊል ሁለት ቀስት አለው፣ አንዱ ለወር አበባ፣ ሌላው ፅንሱ ለተፀነሰበት ቀን። የወር አበባውን ቀን በሁለተኛው ቀስት ብታስቀምጪ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይሳሳታል። ሳምንቱንም ስታነቢ የሞላውን ብቻ ውሰጂ። 33 ከ6 ቀን 34 አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ ጥያቄው። ዊል የሚያውቀው የሰጠሽውን ቀን ብቻ ነው፣ እና ያንን ቀን ከእናቲቱ ማውጣት እውነተኛው ሙያ ነው። እኛ አካባቢ «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ብለሽ ብቻ ብትጠይቂ ብዙዋ «አላስታውስም» ትላለች፣ ወይም አንቺን ደስ ለማሰኘት አንድ ቀን ትወረውርልሻለች፤ ብዙ ጊዜ የወሩን አንድ ወይም አሥራ አምስት። ካርድ ላይ 1፣ 15 ወይም 30 ካየሁ ሁሌ እንደገና እጠይቃለሁ።

ሙስሊም እናት ከሆነች ረመዳንን አንሺላት። የወር አበባ ላይ ያለች አትጾምም፣ በኋላ ግን ያጎደለችውን ቀን ቀዷ ማውጣት፣ ማለትም ጾማ መተካት፣ አለባት፣ ስለዚህ ስንት ቀን እንደጎደላትና ከስንተኛው ቀን እንደጀመረ በደንብ ታውቃለች። ከማና ወረዳ የመጣች አንዲት እናት የወር አበባዋን ፈጽሞ አላስታውስም ብላኝ፣ በኦሮምኛ «ረመዳን ላይ መቼ ጾም አቋረጥሽ?» ስላት ሳታስብ «ሃያ ሦስተኛው ቀን ላይ» አለችኝ፣ ከዚያ በኋላም አልመጣባትም። የ2017 ረመዳን የገባው የካቲት 22 ነው፤ ሃያ ሦስተኛው ቀን መጋቢት 14 ላይ ይውላል። መውለጃዋ ታኅሣሥ 19 ቀን 2018። ረመዳን በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ቀድሞ ስለሚገባ የየዓመቱን መግቢያ፣ ዒድንና አረፋን መቼ እንደዋሉ በክፍልሽ ግድግዳ ላይ ጻፊ። ኦርቶዶክስ እናት ከሆነች ቤተ ክርስቲያን ያልገባችበትን በዓል ጠይቂያት፦ ጥምቀት ታቦት ሸኝተሽ ነበር? ፋሲካን ቤት ነው የዋልሽው? እንዲህ ስትጠየቅ ቀኑ ከነምክንያቱ ይመጣላታል። ሌላዋ በቡና ለቀማ፣ ሌላዋ ልጇን ትምህርት ቤት ባስመዘገበችበት ሳምንት ታስታውሳለች። አትቸኩዪ፣ ወረፋው ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን እነዚያ አምስት ደቂቃዎች እስከ ምጥ ድረስ ያገለግሉሻል።

ቀኑን ካገኘሽ በኋላ ያ ደም እውነተኛ የወር አበባ መሆኑን አጣሪ። ከወትሮው ያነሰና ያጠረ ከነበረ ከፅንሱ መያዝ ጋር የሚመጣ ትንሽ ደም ሊሆን ይችላል፤ ከእሱ በፊት የነበረውን ጠይቂ። ዑደቷ ስንት ቀን እንደሆነም ጠይቂ፣ ዊሉ 28 ቀን ነው ብሎ ነው የሚቆጥረው። በየ35 ቀኑ የሚመጣባት ከሆነ ሰባት ቀን ትጨምሪላታለሽ። የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ስትወስድ ቆይታ ያቆመች፣ ወይም እያጠባች የወር አበባዋ ሳይመለስ ያረገዘች እናት ከሆነች ግን ዊሉን አስቀምጪው። ከመርፌው በኋላ የወር አበባው ለብዙ ወራት ሊዘገይ ይችላል፤ «የመጨረሻው» የምትልሽ ያለፈው ዓመት ሊሆን ይችላል። ለእሷ አልትራሳውንድ ቶሎ፣ ከ24 ሳምንት በፊት ይታዘዝላት።

አንድ ነገር በመሐል፦ እናት «ስድስት ወሬ ነው» ስትልሽ ከየት ጀምራ እንደምትቆጥር ጠይቂ። ኦሮምኛ «ጂኣ» ለወርም ለጨረቃም አንድ ቃል ነው፣ እና ትልልቅ ሴቶች ዘጠኝ ጨረቃ ሲሉ ትክክል ናቸው፤ ዘጠኝ ጨረቃ 266 ቀን ገደማ ነው፣ ከፅንስ እስከ ወሊድ ያለው ጊዜም ይኸው ነው። ዊሉ ግን ገና ፅንስ ሳይኖር ከሁለት ሳምንት በፊት መቁጠር ይጀምራል። ሁለታችሁም ልክ ሆናችሁ ሳትግባቡ ልትቀሩ ትችላላችሁ።

ስለ ሆዷ ልኬት። ሜትሩን ስትይዢ ቁጥሩ ወደ ሆዷ ይዙር፣ ለክተሽ ከጨረስሽ በኋላ ገልብጠሽ አንብቢ። ዊሉን ቀድመሽ አይተሽ 32 መሆን አለበት ብለሽ ከለካሽ እጅሽ 32 ላይ ይቆማል፤ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ሽንቷን ትሽና፣ ከፈንደሱ፣ ማለትም ከማህፀኑ የላይኛው ጫፍ፣ እስከ ብልት አጥንቱ የላይኛው ጠርዝ ለኪ። የልብስ ሰፊ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል፣ በማስመሪያ አመሳክሪው። ከ24 እስከ 36 ሳምንት ድረስ ሴንቲሜትሩና ሳምንቱ ይቀራረባሉ፣ ሁለት ከፍ ወይም ዝቅ ቢል አያስደነግጥም። ፈንደሱ 12 ሳምንት ላይ ከብልት አጥንቱ በላይ ብቅ ይላል፣ 20 ላይ እምብርት አካባቢ፣ 36 ላይ የደረት አጥንት ጫፍ ጋ ይደርሳል። ሦስትና ከዚያ በላይ ከተለያየ መጀመሪያ ቀኑን እንደገና ጠይቂ፣ ከዚያ መንታን፣ የውሃ መብዛትን ወይም ማነስን፣ የልጅ አለማደግን አስቢ። ሜትሩ ከዊሉ ስላልተስማማ ብቻ የመውለጃ ቀኗን መቀየር ግን ትልቅ ጥፋት ነው፤ ያላደገውን ልጅ «ዕድሜው ትንሽ ነው» ብለሽ ትሸፍኚዋለሽ።

በዊሉ ጀርባ ያለው የፅንስ ክብደትና ርዝመት አማካይ ነው፣ የዚህን ልጅ ክብደት አይነግርሽም፤ ለእናት አንብበሽ አትስጫት። የክብደትና ቁመት ስሌቱም ከእርግዝና በፊት ላለው ክብደት ነው የተሠራው፣ በሰባተኛ ወሯ መጥታ ክብደቷን እዚያ ብታስገቢ ያልወፈረችውን ወፍራም ትያታለሽ። ለምግብ እጥረት ክንዷን ለኪ፣ ከ23 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ተከታተያት።

የቀረው ማርች 8 ነው። አልትራሳውንድ ቀን ላይ ትክክለኛ የሚሆነው ቀደም ብሎ ሲነሳ ነው። ከ9 ሳምንት በፊት ተነስታ ከወር አበባው ቀን ከ5 ቀን በላይ ከተለያየ፣ እስከ 16 ሳምንት ከ7 ቀን በላይ፣ እስከ 22 ሳምንት ከ10 ቀን በላይ፣ እስከ 28 ሳምንት ከ14 ቀን በላይ ከተለያየ የአልትራሳውንዱን ትወስጃለሽ። ከ28 በኋላ ግን ልዩነቱ ከ21 ቀን ካልበለጠ የወር አበባው ቀን ይጸናል፣ ምክንያቱም ያኔ ማሽኑ የሚለካው የልጁን መጠን ነው፣ ልጆች ደግሞ በዚያ ዕድሜ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው። የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ካጸናው ወዲያ፣ ከተማ ወርዳ በየክሊኒኩ የምትነሳው ሌላ ሦስት ቢያመጣም ቀኑ አይነካም።

ያንቺ እናት የተነሳችው ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ ነው፣ ልዩነቱ 12 ቀን። ከ21 በታች ነው። የወር አበባዋ የተስተካከለና መርፌም ያልወሰደች ከሆነች ካርዱ ላይ የካቲት 17 ቀን 2018 ብለሽ ጻፊ፣ አጠገቡ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 24፣ ከሥሩ ደግሞ «በወር አበባ፣ ግንቦት 12፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብለሽ ከየት እንዳመጣሽው። ሌሎቹን ሦስቱን በአንድ መስመር ሰርዢ፣ እንዳይነበቡ አድርገሽ ግን አታጥፊያቸው። ለእሷም ቀኑን በቃል ንገሪያት፣ ካርዱ ቢጠፋ እንኳ ይዛው እንድትመጣ። በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ሜትሩ ከሳምንቷ በሦስት አንሶ ካገኘሽው ቀኑን አትንኪ፣ ወደ ሆስፒታል ላኪያት።