ክራርህን ይዘህ ግባ

ወንድሜ፣ «ያለኝ ክራር ብቻ ነው፣ ኦንላይን ጌም ውስጥ ካሉ ባንዶች ጋር የተረት ዓለም ሙዚቃ መሥራት እችላለሁ ወይ?» ብለሃል። በደንብ ትችላለህ! እኔ ከአራት ኪሎ ሆኜ ማታ ማታ እሠራለሁ።

በሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ኦንላይን ጀምር፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ጌም ነው። ዜማህን ኤቢሲ በሚባለው ኖታ፣ በተራ ጽሑፍ ፋይል ትጽፈዋለህ፤ ከዚያ ገጸ ባህሪህ በሃርፕ ወይም በሉት (ሁለቱም የክር መሣሪያዎች ናቸው) ይጫወተዋል፣ ሌሎቹ ተጫዋቾችም አብረውህ ይገባሉ።

መጀመሪያ የትዝታን ቅኝት (የድምፆቹን አደራደር) ሞክር። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነ ሃርፑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የአንቺሆዬ ቅኝት ግን ሌላ ነው። የጌሙ መሣሪያ እንደ ፒያኖ ስለተቃኘ፣ ክራር ላይ ክሩን በጆሮህ ትንሽ ላላ ትንሽ ወጠር እያደረግክ የምታገኘው ያ ልብ የሚበላ ድምፅ ይጠፋል፤ የማሲንቆው መንሸራተትም እንደዚያው። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል። ስለዚህ ዜማውን እዚያ አብረን ካበጀን በኋላ እውነተኛውን ክራር ለብቻው በስልክ እቀዳለሁ። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በኢርፎን ስማ፣ ስልኩን ከክራሩ አንድ ክንድ አርቀው። በኔት ቀጥታ አብሮ ለመጫወት አትሞክር፣ ድምፁ እየዘገየ ምቱን ያፋርሳል። የቀዳኸውን ፋይል ለባንዱ ልጆች ስትልክላቸው የቅኝቱን ስም አብረህ ጻፍ፤ ባቲን ባቲ፣ አምባሰልን አምባሰል ብለው ይወቁት።