መልስ፦ ከሥራ ደክሜ እየገባሁ መጽሐፍ ቅዱስ መቼ ላጥና?

ማታውን ተወው። ሜክሲኮ ታክሲ ተሰልፈህ 2 ሰዓት ላይ ቤት ገብተህ ምን ጭንቅላት ይተርፍሃል? ጠዋት 15 ደቂቃ ቀድመህ ቢሮ ድረስ። ስልክህን ቦርሳ ውስጥ ክተትና የማርቆስን ወንጌል ጀምር። 16 ምዕራፍ ነው። በሥራ ቀን አንድ አንድ ብታነብ በሦስት ሳምንት ከአንድ ቀን ያልቃል።

«እሑድ ስብከት እሰማለሁ፣ አይበቃም ወይ?» ላልከው፣ አይበቃም። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስ ራሱ እያስተማራቸው፣ ነገሩ እውነት መሆኑን ለማየት በየቀኑ መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር (ሐዋ. 17፥11)። የእኛው ጃንደረባም የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ገንዘብ ሁሉ ኃላፊ ነበር፤ ሥራ አላነሰውም። ግን መንገድ ላይ፣ ሰረገላው ውስጥ ሆኖ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ያልገባውንም ወንጌል ሰባኪውን ፊልጶስን ጠየቀ። በጣም የምወደው ታሪክ ነው። አንተም ያልገባህን ጽፈህ ያዝና ለምታምነው መምህር አቅርበው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ ከዘፍጥረት ጀምሬ በዓመት ልጨርስ ብዬ ዘሌዋውያን ላይ ቀረሁ። ያመለጠኝን ለማካካስ በአንድ ቀን 10 ምዕራፍ እሮጥ ነበር፤ አንዱም ልቤ አልገባም። ቀን ካመለጠህ ወደኋላ አትመለስ። ካቆምክበት ቀጥል።