የኤስ ጂንን ብቻ ማንበብ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስን የዘረመል ልዩነት ያሳያልን?

ጠያቂያችን ማወቅ የፈለጉት፣ በአንድ አካባቢ ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ካለባቸው ታካሚዎች ናሙና ሰብስበው የኤስ ጂንን (የቫይረሱን የገጽ አንቲጅን፣ ማለትም የላይኛውን ሽፋን ፕሮቲን የሚያሠራውን ጂን) ክፍል ብቻ ቢያነቡ፣ ማለትም የኒውክሊዮታይዶቹን ቅደም ተከተል ቢለዩ፣ ስለ ቫይረሱ የዘረመል ልዩነት ለመጻፍ ይበቃቸው እንደሆነ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ለዓመታት የቆየሁ የላቦራቶሪ ባለሙያ እንደመሆኔ፣ ጂኖታይፑን (የቫይረሱን የዘረመል ዓይነት) ለመለየት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ለታካሚውና ለሐኪሙ ትርጉም ያለውን ልዩነት ለማሳየት ግን አይበቃም እላለሁ።

የቫይረሱ ጂኖም 3200 ገደማ ኒውክሊዮታይዶች ብቻ ያሉት ክብ ዲኤንኤ ነው። የሚባዛው ግን በአርኤንኤ በኩል አልፎ ሲሆን፣ አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ፖሊመሬዝ የተባለው የቫይረሱ ኢንዛይም የሠራውን ስሕተት ማረም ስለማይችል ለውጦች በየጊዜው ይከማቻሉ። ሙሉው ጂኖም ከ7.5 በመቶ በላይ ሲለያይ የተለየ ጂኖታይፕ ይባላል፤ እስካሁን ከኤ እስከ ጄ 10 ተሰይመዋል። ቢና ሲ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ዲ በሜዲትራኒያን ዙሪያና በመካከለኛው ምሥራቅ፣ ኢ በምዕራብ አፍሪካ ይበዛሉ። ብዙ ጥናቶች ይህን ስርጭት በሠንጠረዥ አስፍረው ያበቃሉ፤ እኔ ግን ዋናው ጥያቄ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጂኖታይፕ ኤና ዲ አብረው የሚገኙበትን የታካሚዎች ስብስብ እንውሰድ። ፕሪኮር በተባለው የጂኖሙ ክፍል 1896ኛው ቦታ ላይ ያለው ጉዋኒን በአዴኒን ሲተካ የማቆሚያ ኮድ ይፈጠርና ኢ አንቲጅን (ቫይረሱ ወደ ደም የሚለቀውና በምርመራ የሚፈለገው ፕሮቲን) መመረቱ ይቀራል፤ ቫይረሱ ግን መባዛቱን ይቀጥላል። ይህ ቦታ በአርኤንኤው እጥፋት ላይ ከ1858ኛው ጋር ይጣመራል። በጂኖታይፕ ዲ 1858ኛው ላይ በአብዛኛው ታይሚን (በአርኤንኤው ዩራሲል) ስላለ ለውጡ ጥምረቱን ያጠነክረዋል፤ በጂኖታይፕ ኤ ግን በአብዛኛው ሳይቶሲን ስለሆነ ለውጡ ጥምረቱን ያፈርሰዋል፤ በዚህም ምክንያት እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ሁለት ታካሚዎች በኢ አንቲጅን ምርመራ እኩል አሉታዊ ሆነው ሳለ፣ የአንዱ ምክንያት ከሌላው ፈጽሞ ሊለይ ይችላል። ከጉበት ካንሰር ስጋት ጋር የተያያዙት የ1762 እና የ1764 ለውጦችም የሚገኙት ከኤስ ጂን ውጭ፣ ኮር ፕሮሞተር በተባለው ክፍል ነው። ከሁለት ጂኖታይፖች የተዳቀለ ቫይረስም ቢሆን፣ የተነበበው ቁራጭ ከአንዱ ወገን ብቻ የመጣ ከሆነ ሳይታወቅ ያልፋል።

በአንጻሩ የኤስ ጂን ሙሉ በሙሉ የሚገኘው በፖሊመሬዝ ጂን ውስጥ ስለሆነ፣ ፕራይመሮችዎን (ንባቡ የሚጀምርባቸውን አጫጭር የዲኤንኤ ቁርጥራጮች) በጥንቃቄ ከመረጡ አንዱ ንባብ ለሁለት ያገለግልዎታል። በገጽ አንቲጅን ላይ ከ124 እስከ 147 ያሉትን አሚኖ አሲዶች፣ በተለይም በክትባት የተገኘ መከላከያን ሊያመልጥ የሚችለውን የ145ኛውን ለውጥ ያያሉ፤ በዚያው ንባብ አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ በሚገለብጠው የፖሊመሬዙ ክፍል 204ኛ ቦታ ላይ የሚታየውን ላሚቩዲን የተባለውን የፀረ ቫይረስ መድኃኒት መቋቋም ያገኛሉ። ንባቡን እስከ 250ኛው ድረስ ቢያስረዝሙት አዴፎቪርና ኢንቴካቪር የተባሉትን መድኃኒቶች ከመቋቋም ጋር የተያያዙትን ቦታዎች ጭምር ይሸፍናሉ። የቀድሞ መድኃኒት ታሪክ ካልተመዘገበ ግን ለውጡ በሕክምና ምክንያት የመጣ መሆኑን መለየት ስለማይቻል፣ መጠይቅዎ ላይ ይህ ከሁሉ አስቀድሞ ይግባ።

በተግባር ይበልጥ የሚያስቸግረው ናሙናው ነው። የቫይረስ መጠናቸው ዝቅተኛ የሆኑ ታካሚዎች፣ ብዙዎቹም ኢ አንቲጅን የሌላቸው፣ በፒሲአር (የቫይረሱን ዲኤንኤ በሚያባዛው ዘዴ) አይወጡም፤ ተመራማሪውም የወጡትን ብቻ ይዞ ስለ አካባቢው ሁሉ ይናገራል። ያልወጡትን ከነቫይረስ መጠናቸው መመዝገብና በጽሑፉ ማሳየት ግዴታ ነው እላለሁ። ደም ለጋሾችንና ጉበታቸው የጠጠረ ታካሚዎችንም በአንድ ላይ ቆጥሮ መቶኛ ማውጣት አይገባም፤ ለውጦቹ ከበሽታው ዕድሜ ጋር ስለሚጨምሩ ልዩነቱ ከአካባቢው ሳይሆን ከታካሚዎቹ ደረጃ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ክሮማቶግራሙንም (የንባብ መሣሪያው የሚያወጣውን የጫፎች ግራፍ) በዓይንዎ ይመልከቱ እንጂ ሶፍትዌሩ የሰጠዎትን ፊደል ብቻ አይቀበሉ። 1896ኛው ቦታ ላይ የአዴኒንና የጉዋኒን ጫፎች ተደራርበው ከታዩ፣ በታካሚው ውስጥ ሁለቱም ቫይረሶች አብረው አሉ ማለት ሊሆን ይችላል፤ የተለመደው የሳንገር ንባብ በታካሚው ውስጥ ካሉት ቫይረሶች ከ20 በመቶ በታች የሆኑትን በአብዛኛው አያሳይም።

በጀትዎ ውስን ከሆነ የሁሉንም ናሙና ኤስ ጂን ከነፖሊመሬዙ ያንብቡ፤ ለሁሉም የፕሪኮርና የኮር ፕሮሞተሩን አጭር ክፍል ይጨምሩ፤ ሙሉ ጂኖሙን ደግሞ ከየጂኖታይፑ ለተመረጡትና በሁለቱ ክፍሎች የተለያየ ጂኖታይፕ ላሳዩት ብቻ ያስቀሩት።