ከጥምቀት በኋላ ኮሶዬ ወይስ ስሜን? ከእናትና ከልጅ ጋር ለምትጓዙ

ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይሁን። ለጥምቀት ጎንደር እንደምትመጡ፣ ከበዓሉ በኋላ ሁለት ቀን እንደሚተርፋችሁ፣ አብረዋችሁም እናትዎና የዐሥር ዓመት ልጅ እንዳሉ ገልጸው፣ «ብዙ የማይከብድ የተራራ የእግር ጉዞ የት ይሻለናል? ኮሶዬ ወይስ ስሜን?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም እናቴንና ልጆቼን ይዤ በዚሁ መንገድ ስላለፍሁ የእናንተ ነገር ከእኛው ጋር አንድ ነው ብዬ እመልሳለሁ፤ መጀመሪያ ኮሶዬ፣ ቀጥሎ ስሜን፣ ያውም ደባርቅ አድራችሁ።

1ኛ. መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ሳይሆን ምን ያህል ቁልቁል እንደሚወርድ ጠይቁ። ብዙ ሰው ተራራ ሲባል ከሥር ተነሥቶ መውጣትን ያስባል፤ እንዲያ ከሆነ ጠዋት ጉልበት ሳለ ይወጣል፣ ሲደክም ይወረዳል። በእኛ በኩል ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ፣ ወለቃን አልፋችሁ ዳገቱን ከወጣችሁ በኋላ፣ አምባ ጊዮርጊስ ሳትደርሱ የምታገኙት በገደል አፋፍ ላይ ያለ መንደር ነው። መኪናው የሚያወርዳችሁ ከላይ ስለሆነ ወደ ጫካው የሚገባው መንገድ የሚጀምረው በቁልቁለት ነው። ጠዋት በቀዝቃዛው አየር መውረድ ደስ ስለሚል «ይበቃናል» የሚል ሰው አይገኝም፤ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ጀርባ እየጠበሰች ያንኑ መንገድ ሽቅብ መመለስ ግን ጎረምሳውንም ያስቀምጣል። ስለዚህ አንድ መንገድ ለእናትዎ መጠነኛ መሆኑ የሚለካው በመመለሻው አቀበት ነው።

ይህን ያስተማረን የመንደሩ ተወላጅ የሆነ ወጣት መሪያችን ነው። ከመውረዳችን በፊት ሁላችንንም አስቀምጦ የጫማችንን ክር አስፈታና እንደገና አሳሰረን፤ ከጣቶች በኩል ላላ፣ ከቁርጭምጭሚት በኩል ጠበቅ አድርገን እንድናስር ነበር ያዘዘን። «እግር በጫማ ውስጥ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጥፍር የሚያጠቁረው ክሩ ከላይ ሲላላ ነው» አለን። የእናቴን ተንበርክኮ ራሱ አሰረላት። በአስታውና በኮሶው ጥላ እየመራን ጥቂት ከወረድን በኋላ አንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ ሥር ቆመና «እማማ፣ ከዚህ በታች አንወርድም» አላት። እናቴ ደህና ነኝ ብትለው እሺ አላለም። ወንድሜም ወደ ታች ለመቀጠል ጓጉቶ ሲከራከረው፣ ልጁ መልስ ሳይሰጥ በእጁ የመጣንበትን አፋፍ አሳየው። ቀና ብለን ስናይ ሁላችንም ዝም አልን። ለመውረድ አንድ ሰዓት ያህል የፈጀብን መንገድ ለእናቴ መመለሻው ሁለት ሰዓት ወሰደ፤ ዳሩ ግን ማንም ሳይደግፋት፣ በምርኩዟ፣ በራሷ እግር ወጣችው፤ ይህንንም ለጎረቤት ሁሉ ስትናገር መስማት ለእኔ ትልቅ ኩራት ነው። ይህ ልጅ ባይገታን ኖሮ በቃሬዛ ይዘናት በወጣን ነበር። ስለዚህ ከመንደሩ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ሂሳቡንም ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ «ይበቃል» ሲላችሁም ስሙት።

እናትዎ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ጭራሽ አትውረዱ። አፋፉን ተከትሎ የሚሄደው የሣር ሜዳ ብቻውን ለግማሽ ቀን ይበቃል፤ ቆላው ከሥራችሁ ተዘርግቶ ይታያል፣ ጅብራውም (ረጅሙ የደጋ ተክል) በመንገዱ ዳር ቆሞ ታገኙታላችሁ። ጭላዳ የሚባሉት ዝንጀሮዎች የሚያድሩት በገደሉ ላይ ስለሆነ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ብትደርሱ መልካም ነው። ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣሩን ይነጫሉ፣ እፍኛቸው ሲሞላ ወደ አፋቸው ይልካሉ፣ ከዚያ ሳይነሡ በመቀመጫቸው ፈቀቅ ይላሉ። ቀስ ብለው ከተጠጉ ሣሩ ሲነጭ ይሰማል፤ ልጄ ከዚያ ቦታ አልነሣም ብላ አስቸግራን ነበር። ዳቦም ሆነ ሌላ ነገር እንዳትሰጧቸው አደራ እላለሁ፤ የለመደ ጭላዳ ነገ የሚገባው የገበሬው ገብስ ውስጥ ነው።

2ኛ. ጥር 12 ቀን ለጉዞ አትቀጠሩ። ቃና ዘገሊላ ስለሆነ የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ይመለሳል፣ መሪ የሚሆናችሁ ወጣትም፣ ሹፌሩም እዚያው ሲዘፍንና ሲያጅብ ነው የሚውለው። በ13 ኮሶዬን ውላችሁ ደባርቅ ግቡ፣ በ14 ስሜንን አድርጉ። አልጋ ግን በእነዚያ ቀናት ጎንደርም ደባርቅም ስለሚጠብ አሁኑኑ ያዙ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዋዜማው ከሹፌሩና ከአገሬው ሰው አጣሩ፤ ይህን ሳያደርጉ ልጅ ይዞ መነሣት አይገባም።

3ኛ. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን መግቢያ ደባርቅ በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ራሳችሁ ክፈሉ፣ ደረሰኙንም በእጃችሁ ያዙ። እኛን ያቃጠለን ይህ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የጉዞ ደላላ ጎንደር ላይ መኪናውንም ስካውቱንም (ጎብኚን የሚያጅበውን የፓርኩን ጠባቂ) ጨምሮ ሙሉ ሂሳብ ተቀበለንና «መግቢያውን ኬላው ላይ ትከፍላላችሁ፣ ስካውቱም እዚያው ይጠብቃችኋል» አለን። ማለዳ ከጎንደር ተነሥተን፣ ደባርቅን ሳንቆም አልፈን ኬላው ስንደርስ የሚጠብቀን ስካውት አልነበረም፤ ክፍያም እዚያ አይፈጸምም። ጥበቃው በትሕትና «ደረሰኝ ከሌላችሁ ማስገባት አልችልም» አለን፤ እውነቱን ነበር። ወደ ደባርቅ ተመልሰን፣ ከፍለን፣ ስካውት ተመድቦልን እስክንነሣ ረፋዱ አለፈ፤ ገደሉ ጫፍ ስንደርስም ጉሙ ከሥር ተነሥቶ ሁሉን ሸፍኖት ነበር። ያንን ሁሉ መንገድ የተጓዝነው ነጭ ጉም ለማየት ሆነ። ደላላው ስልክ አላነሣም፤ ሳገኘውም «ሕጉ በቅርብ ተቀይሮ ነው» ብሎ ዐይኔን እያየ ዋሸኝ። የገንዘቡን ነገር ልተወው፤ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስሙን ስትሰማ የኖረችውን ስሜን ደርሳ ሳታየው መመለሷ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ስካውት ያለ ምክንያት አይመደብም፤ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ዋልያውና ቀይ ቀበሮው እየተመናመኑ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ፣ የወጣው በ2017 ነው። ደንቡ ይህን ለመጠበቅ ነው፤ ደላላው ግን ደንቡን ሳያውቅ ይሸጠዋል።

ኋላ ደባርቅ አድረን በተመለስንበት ጊዜ ሁሉም ነገር ተስተካከለ፤ ክፍያውን በዋዜማው ጨርሰን ማለዳ ገባን። ለእናንተ የምመክረው መንገድ ያኔ የሄድነው ነው፤ መኪናው ቡይት ራስ ከሚባለው ቦታ ያወርዳችኋል፣ አፋፉን እየተከተላችሁ ሳንቃበር እስከሚባለው የድንኳን ማረፊያ በእግር ትሄዳላችሁ፣ መኪናው እዚያ ይጠብቃችኋል። እያረፋችሁ ብትሄዱ ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ስለሆነ ትንፋሽ ቢያጥር አትደንግጡ፣ ቀስ በሉ እንጂ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ግን ሳትከራከሩ ወደ ደባርቅ መውረድ ነው። «እስከዚህ መጥታችሁ ግጭን ሳታዩ?» የሚላችሁ አይጠፋም። ግጭ ከሳንቃበር ወዲያ ያለ ማረፊያ ሲሆን 3,600 ሜትር ላይ ነው፤ ከሳንቃበር በእግር ለመድረስ ወደ ጅንባር ወንዝ ወርዶ እንደገና መውጣት አለ፤ ለእናትዎም ለልጅዎም በአንድ ቀን አይሆንም። ዋልያ ለማየት ከጓጓችሁ መኪና ጨነቅ እስከሚባለው ማረፊያ ስለሚደርስ፣ ከሳንቃበር ተሳፍራችሁ ደርሳችሁ ተመለሱ።

ጥር ደረቅ ወር ነው፣ ሌሊቱና ማለዳው ግን ውርጭ ነው፤ ለእናትዎ ጋቢ፣ ለልጅዎ ኮፍያና ጓንት ያዙ። ስንቅ ከጎንደር ይሁን፤ በሶና ቆሎ ከምንም ይሻላል። ቡናውን በፔርሙዝ ያዙት እንጂ ጓሳው ሣር ውስጥ እሳት አታንድዱ፤ በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ላይ የተነሣው ቃጠሎ ከውጭ አገር አጥፊዎች እስኪመጡለት ድረስ ያስጨነቀን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከሹፌሩ ጋር ስትዋዋሉ ደግሞ ሳንቃበር ላይ የሚጠብቅበትንና የጨነቁን ጉዞ ዋጋው ውስጥ አስገቡ፤ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ሌላ መኪና ስለማታገኙ፣ የሚጠይቃችሁን ሁሉ መክፈል ግድ ይሆናል።