ጄኔራል ሞተርስና ዕቃ አቅራቢዎቹ፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ስለ አሜሪካው መኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ (ከዚህ በኋላ ጂኤም) ኪሳራና ስለ ዕቃ አቅራቢው ዴልፋይ ብዙ ስለጠየቃችሁኝ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ ስለ ሞተር ብልሽት የጠየቃችሁኝ ይቅርታ፣ ጋራዥ ሂዱ። ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር መኪና የሚሸጥ ድርጅት እንዴት ገንዘብ ያጥረዋል?

መልስ፦ መክሰርና ገንዘብ ማጠር የተለያዩ ናቸው። በ2007 ጂኤም 38.7 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ ሲያስመዘግብ አብዛኛው የወረቀት ሒሳብ ነበር፤ ወደፊት ከግብር ይቀነስልኛል ብሎ እንደ ሀብት መዝግቦት የነበረውን ነው የሰረዘው። ካዝናው የተራቆተው በ2008 ነው። የአከፋፈል ደንቡን ተመልከቱ፦ በማርች ከአቅራቢዎቹ ለተረከበው የመኪና ዕቃ የሚከፍለው ሜይ 2 ነበር፤ በአማካይ 47 ቀን ገደማ ማለት ነው። መኪናው ግን ከፋብሪካ ወጥቶ ለዲለር (ለመኪና ሻጩ) ሲላክ ገንዘቡ ቶሎ ይገባል። ስለዚህ ገበያው ሲደራ ጂኤም የሚሠራው በአቅራቢዎቹ ገንዘብ ነው። ገበያው ድንገት ሲወድቅ ደግሞ የዛሬው ገቢ ተመናምኖ ሳለ፣ ፋብሪካው በሙሉ አቅሙ ይሠራ በነበረበት ወር የገባው ዕቃ ዕዳ ይደርሳል። እኔ ከኪሳራው አኃዝ ይልቅ ሁልጊዜ የማየው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ዴልፋይን ለምን ገነጠሉት?

መልስ፦ ዴልፋይ የጂኤም የራሱ የዕቃ ማምረቻ ክፍል ነበር። በ1999 ራሱን ችሎ ሲወጣ ሐሳቡ እሱ ለሌሎችም እንዲሸጥ፣ ጂኤምም ከረከሰበት እንዲገዛ ነበር። በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን ጂኤም በዚያው ጊዜ ለሠራተኛ ማኅበሩ አባላት «ዴልፋይ ቢወድቅ የጡረታ ጥቅማችሁን እኔ እሸፍናለሁ» ብሎ ፈርሟል። ኦክቶበር 8 ቀን 2005 ዴልፋይ የኪሳራ ከለላ (ባለዕዳው ድርጅት ከአበዳሪዎቹ በፍርድ ቤት የሚጠበቅበትን) ጠየቀ። ዋና አቅራቢው ከቆመ የጂኤም የማምረቻ መስመርም ስለሚቆም ዝም ብሎ ማየት አልተቻለም፤ በቢሊዮኖች ከፈለ፣ በ2009 የመኪና መሪ የሚያመርተውን ክፍል መልሶ ወሰደ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ለቻይናውያን ሸጠው። የተጎዱት የማኅበሩ አባል ያልነበሩት የዴልፋይ የቢሮ ጡረተኞች ናቸው። ለማኅበሩ አባላት ጂኤም የጎደለውን ሲሞላ፣ እነሱ ግን የመንግሥት የጡረታ ዋስትና ድርጅት በሚከፍለው ልክ ቀሩ።

ጥያቄ፦ ሎፔዝ የሚባለው ሰው ምን አደረገ?

መልስ፦ ሆሴ ኢግናሲዮ ሎፔዝ በ1992 የጂኤም የግዢ ኃላፊ ሲሆን ከአቅራቢዎች ጋር የተፈረሙ ውሎችን ከፍቶ እንደገና ያጫርት ጀመር። ወጪ ቀነሰ፤ እምነትም አብሮ ሄደ። በ1993 ወደ ቮልስዋገን ሲሻገር ምስጢራዊ ሰነድ ይዞ ሄዷል ተብሎ ተከሰሰ፤ በ1997 ቮልስዋገን 100 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ፣ ቢያንስ የ1 ቢሊዮን ዶላር ዕቃ ከጂኤም ለመግዛት ተስማማ። በእኔ ግምት እንዲህ የተንገላታ አቅራቢ አዲስ ሥራ ሲያወጣ መጀመሪያ የሚያሳየው ለሌላ ገዢ ነው።

ጥያቄ፦ ጃፓኖቹስ ይሻላሉ?

መልስ፦ ቶዮታም ዋጋ ያስቀንሳል፤ ልዩነቱ ወጪው የሚቀነስበትን መንገድ አብሮ መፈለጉ ነው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1997 የፍሬን ቫልቭ የሚሠራው የአይሲን ፋብሪካ ካሪያ ውስጥ ሲቃጠል የቶዮታ መስመሮች ቆሙ። አይሲን ንድፉን ለሌሎች አደለ፤ የልብስ ስፌት መኪና አምራቹ ብራዘር ሳይቀር ቫልቭ ሠራ። ምርቱ በቀናት ውስጥ ተነሣ። ሁሉንም ጃፓናዊ አታመስግኑ ግን፦ በ2024 የአገሪቱ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ ኒሳንን ከ30 በላይ አቅራቢዎች ክፍያ ላይ 3 ቢሊዮን የን ያህል ቆርጧል ብሎ ገሥጾታል።

ጥያቄ፦ በ2008 ፎርድ መንግሥት ተፎካካሪዎቹን እንዲረዳ ለምን አማለደ?

መልስ፦ አቅራቢዎቻቸው የጋራ ናቸው። ጂኤም ቢወድቅ የሚዘጋው አቅራቢ ለፎርድም ዕቃ ይሠራል።

ጥያቄ፦ በ2009 ኪሳራ አቅራቢዎች ገንዘባቸውን አጡ?

መልስ፦ አብዛኞቹ አላጡም። ጂኤም ጁን 1 የኪሳራ ከለላ ከመጠየቁ በፊት፣ በማርች፣ መንግሥት ለአቅራቢዎች ክፍያ እስከ 5 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ነበር፤ አዲሱ ጂኤምም ውላቸውን የተረከበላቸውን አቅራቢዎች ውዝፍ ከፈለ። ቦንድ (የብድር ሰነድ) የያዙት ግን በ27 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ፋንታ የአዲሱን ኩባንያ 10 በመቶ ድርሻና ተጨማሪ አክሲዮን የመግዛት መብት ይዘው ወጡ። የሚገርም አይደለም፤ ቦንድ ያዡ ቢያኮርፍ የሚቆም መስመር የለም።