ቸርኬውን ከመቀባታችሁ በፊት

አሮጌ ትራክተር ማደስ ለያዛችሁ የጅማ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። አንድ ነገራችሁ ያናድደኛል። ለሞተሩ እንቅልፍ አጥታችሁ ትሠራላችሁ፤ ቸርኬው ላይ ስትደርሱ ግን ሱቅ ውስጥ የተገኘውን ቢጫ ትለቀልቁታላችሁ።

ቢጫ ቸርኬ ለአረንጓዴው ጆን ዲር ያምርበታል። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 የተሠራው ትንሹ ፈርጉሰን ግን ከአፍንጫው እስከ ቸርኬው ግራጫ ነው። ሰማያዊው ፎርድሰን ሜጀር ብርቱካናማ ቸርኬ ነበረው፤ መጨረሻ ላይ የወጡት ደግሞ ግራጫ ሆኑ። ስለዚህ ስሙን ብቻ አትዩ፣ በመለያ ቁጥሩ የተሠራበትን ዓመት አጣሩ።

ከዚያ ብረቱን ጠይቁ። የፋብሪካው ቀለም የሚተርፈው ፀሐይ ያላየው ቦታ ላይ ነው። ካላማዳሪው የሚቀመጥበትን አብዛኛውን ጊዜ ዝገት ስለሚበላው ብዙ ተስፋ አታድርጉበት። ይልቅ ቸርኬው ሲፈታ ከኋላ በኩል ያለውን ፊትና ዳዶው ሥር ያለውን ክብ እዩ። ግሪሱን ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጥረጉ። ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት በውኃ አርሳችሁ የሳንቲም ያህል ቦታ በክብ ፈግፍጉ። ቀለሞቹ እንደ ሽንኩርት ተራ በተራ ይወጣሉ፤ ላይ የመጨረሻው ባለቤት የቀባው ብርማ፣ ከሥሩ ሌላ፣ ብረቱ ጋ ቀይ ቡኒ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ያ ቀይ ብዙ ጊዜ አንቲረስት፣ ማለትም ዝገት እንዳይዘው ከቀለሙ በፊት የሚቀባው ነው። የምትፈልጉት ከእሱ በላይ ያለውን የመጀመሪያ ቀለም ነው።

በደረቁ ግን እንዳትፈገፍጉ! የድሮ ቀለም ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል፣ ብናኙም ወደ ሳንባ ይገባል። ማስክ አድርጉ፣ ሕፃናትን አርቁ።

አንድ ቸርኬ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ከሌላ ትራክተር ተፈትቶ የገባ ሊሆን ይችላል፤ እኛ አገር ይኼ ብርቅ አይደለም። ቀለም ስታስበጥሩም ናሙናውን ደጅ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን አመሳስሉ፣ አምፖል ያታልላል። የደበዘዘ ቀይ ሮዝ ይመስላል፣ እሱን ተከትላችሁ ሮዝ ትራክተር እንዳታወጡልን።

የጅማ ዝናብ ደግሞ ቀለም አይወድም። እርጥበት ባለበት ቀን የተረጨ ቀለም ነጣ ብሎ ይደርቃል፣ ማብረቅረቁም ይጠፋል። ብትችሉ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው በጋ ቅቡ።

ቸርኬው ከሞዞው (መሀል ላይ ቸርኬው ከሚታሰርበት ብረት) ጋር የሚገናኝበትን ፊት ደራርባችሁ አትቀቡ። ወፍራም ቀለም ሲጨመቅ ዳዶው ይላላል። ትራክተሩ ትንሽ ከሠራ በኋላ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ደግማችሁ አጥብቁ።