የኦክስጅን ሴንሰር በቱርቦ የናፍጣ ጭነት መኪና ላይ፦ ከጎንደር ሹፌሮችና መካኒኮች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ መምህር፣ የአዘዞ ሹፌር ነኝ። ጭነት ይዤ ወደ ደባርቅ ስወጣ መኪናዬ ጥቁር ጭስ ይለቃል። ከቤንዚን መኪና የወጣ ሴንሰር ተገጥሞ የአየርና የነዳጁ ድብልቅ ይለካ ተብያለሁ፤ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ አይጠቅምዎትም። የተለመደው የቤንዚን ሴንሰር በእርግጠኝነት የሚለየው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ይኸውም አየሩ ለነዳጁ ልክ የሚበቃበት፣ ላምዳ 1 የሚባለው ነው (ቁጥሩ ከ1 ሲበልጥ አየር ይተርፋል፣ ሲያንስ ነዳጅ ይበዛል)። ነዳጅ ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ቮልት ይዘላል። የናፍጣ ሞተር ግን በጤናው ጊዜ ምንጊዜም አየር ስለሚተርፈው ሴንሰሩ ከታችኛው ቮልት ሳይነሣ ይውላል። ለእርስዎ የሚሆነው እንደ ቦሽ ኤል ኤስ ዩ 4.9 ያለ፣ ከላምዳ 0.65 ጀምሮ እስከ ንጹሕ አየር ድረስ የሚለካ ሰፊ ክልል ያለው ሴንሰር ከነመቆጣጠሪያው ነው።

ጥያቄ፦ የሚገጠመው ከቱርቦው በፊት ነው ወይስ በኋላ?

መልስ፦ በኋላ ነው፤ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻውም ይኸው ነው። ከቱርቦው በፊት ያለው ጭስ እጅግ የጋለ ከመሆኑም በላይ ግፊቱ ከፍተኛ ነው፤ ይህ ሴንሰር ደግሞ ግፊት ሲጨምር ምልክቱን ስለሚያጎላ፣ የተረፈው አየር ከእውነቱ በላይ የበዛ አስመስሎ ያሳያል። ከቱርቦው መውጫ ከ60 እስከ 90 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ፣ ከማርሚታው በፊት ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን የጭስ ቧንቧውን በቫልቭ ዘግቶ መኪናውን የሚያዘገየውን የጭስ ማውጫ ፍሬን ነው። ሹፌሩ ሊማሊሞን ሲወርድ ያንን ፍሬን ሲይዝ፣ ከቫልቩ በፊት የታፈነው ጭስ ግፊቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ሴንሰሩ በቱርቦውና በቫልቩ መካከል ከተቀመጠ ያንን ሁሉ ግፊት ይሸከማል። ስለዚህ ቫልቩ ከቱርቦው አጠገብ ባለበት መኪና ሁሉ ሴንሰሩ ከቫልቩ አልፎ መግባት አለበት፤ የተጠቀሰው ርቀት ትንሽ ቢበልጥም ጉዳት የለውም። የጭሱን ሙቀት የሚለካው መሣሪያ ግን ከቱርቦው በፊት ይሁን፤ ቱርቦውን የሚያሰጋው ሙቀት ያለው እዚያ ነውና።

ጥያቄ፦ በያጁ ቧንቧውን ከሥር ሊበሳልኝ ነው፤ ከላይ ለመሥራት አይመቸኝም ይላል።

መልስ፦ ያስቁሙት። ሞተር ሲነሣ ቧንቧው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ የሴንሰሩን የጋለ ሴራሚክ ይሰነጥቀዋል። ኤም 18 በ1.5 ጥርስ ያለው ዳዶ በቧንቧው የላይኛው ግማሽ ይበየድ፤ የሴንሰሩ ጫፍ ከአግድም መስመር ቢያንስ 10 ዲግሪ ወደ ታች ያዘንብል። ከሴንሰሩ በፊት ያለ ማንኛውም የጭስ መፍሰሻም አስቀድሞ ይደፈን፤ በዚያ የሚገባ የውጭ አየር ንባቡን ያበላሻል።

ጥያቄ፦ መኪናው 24 ቮልት ነው፤ ሴንሰሩ ግን 12 ይፈልጋል። ከአንዱ ባትሪ 12 ብወስድስ?

መልስ፦ አይውሰዱ፤ ሁለቱ ባትሪዎች እኩል ሳይሞሉ ይቀሩና አንዱ ቶሎ ይሞታል። ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ይግጠሙ።

ጥያቄ፦ የጎንደር ከፍታ ንባቡን ይለውጣል?

መልስ፦ በመጠኑ ይለውጣል። ከ2,100 ሜትር በላይ ስለምንኖር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ አራት አምስተኛ ይወርዳል። መቆጣጠሪያው በንጹሕ አየር መስተካከልን የሚጠይቅ ከሆነ ሴንሰሩን አውጥተው፣ ከጭስ ርቀው፣ መኪናው አዘውትሮ በሚሠራበት ከፍታ ያስተካክሉት። እዚህ የተስተካከለው ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ አየሩን ጥቂት አብዝቶ ሊያሳይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከተገጠመ በኋላ ምን ቁጥር ልጠብቅ?

መልስ፦ ሙሉ ጭነት ይዘው ዳገት ሲወጡ ላምዳው ወደ 1.3 ወይም ከዚያ በታች ወርዶ ጥቁር ጭስ ከታየ፣ ለሚረጨው ነዳጅ አየር አልበቃም ማለት ነው፤ የአየር ፊልትሮውን፣ የኢንተርኩለሩን (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) ጎማዎችና ቱርቦውን በቅደም ተከተል ይመርምሩ፤ የነዳጅ ፖምፓው ልክ መጨመር አለመጨመሩም ይታይ። ቁጥሩ ከዚያ በብዙ ከፍ ብሎ ጭሱ ከቀጠለ ግን አየር ሞልቶ ሳለ ነዳጁ በደንብ እየተበተነ አይደለምና ኢንጀክተሮቹ ይፈተሹ። ብዙ ባለንብረቶች ጭስ ባዩ ቁጥር ፖምፓ እያስፈቱ ገንዘባቸውን ሲጨርሱ ማየት ያሳዝነኛል፤ ይህ መለኪያ ዋጋው የሚታወቀው ያንን ሲያስቀር ነው።

ጥያቄ፦ ምርመራው ሲያልቅ ሴንሰሩ እዚያው ይቆይ?

መልስ፦ ኤሌክትሪክ እያገኘ ከሆነ ይቆይ። የሴንሰሩ ማሞቂያ ጠፍቶ ሞተሩ የሚሠራ ከሆነ ግን ጥላሸት ስለሚያፍነው ይውጣና ቀዳዳው በቡሎን ይዘጋ።